ከመስቀል ሰሞን እስከ ጥቅምት፦ በኬፕ ሜይ ባሕር ዳር የወቅቱን የመጨረሻ ቢራቢሮዎች ለማየት

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከፊላደልፊያ አካባቢ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ልጆቹን ይዘን ኬፕ ሜይ ድረስ ነዳን። በሺህ የሚቆጠር ቢራቢሮ አለ ተብለን አምስት ስድስት ብቻ አይተን ተመለስን። የት ነበር መሄድ የነበረብን?» ቦታውስ ትክክል ነበር፤ የሳታችሁት ቀኑን ነው። በመኸር ወራት ባሕር ዳር ላይ ቢራቢሮ የሚያመጣው ነፋስ ነው። ዛሬ አሥር ብቻ ያየንበት ቁጥቋጦ ከሁለት ቀን በኋላ በመቶዎች ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ መመሪያ ትልቁ ድርሻ የአየር ጠባይ ነው፤ እሱን ዘላችሁ ወደ አበባው አትሂዱ።

ኬፕ ሜይ የኒው ጀርሲ ደቡባዊ ጫፍ ነው። በአንድ ወገን አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በሌላው የደላዌር ባሕረ ሰላጤ አለ። መሬቱ ወደ ደቡብ እየጠበበ ሄዶ እንደ ቀንድ ይሾላል። ከካናዳና ከሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ተነሥተው ወደ ማዕከላዊ ሜክሲኮ ተራሮች የሚጓዙት ሞናርክ የሚባሉት ብርቱካንማ ቢራቢሮዎች ከባሕር በላይ መብረር ስለማይወዱ ዳር ዳሩን ይዘው ይወርዳሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ግን ፊት ለፊታቸው ሰፊ ውሃ ይጋረጣል። እዚያው አበባ እየቀሰሙና እያደሩ የሚያሻግራቸውን አየር ይጠብቃሉ። ሌሎችም ዝርያዎች በዚሁ ጠባብ መሬት ላይ ይከማቻሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የተጻፉት ሰዓቶች ሁሉ በስልካችሁ ላይ እንደሚታየው በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው። «ጠዋት 9» ስንል በኛ 3 ሰዓት ማለታችን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባይኖኩላር። አጉልቶ የማሳየት አቅሙ ከ6.5 እስከ 8 እጥፍ ቢሆን ይበቃል። ከጉልበቱ ይልቅ የሚያስፈልገው በቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ማሳየቱ ነው። ከ2 ሜትር ርቀት የማያጠራ ባይኖኩላር ለቢራቢሮ አይሆንም፤ ወደ ኋላ እያፈገፈጋችሁ ስታስተካክሉ እሷ ትነሣለች። ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ የጫማችሁን ክር ተመልከቱበት፤ ክሩ ጥርት ብሎ ከታየ ይሆናል። ፔንታክስ ፓፒሊዮ የሚባለው ከግማሽ ሜትር ጀምሮ ስለሚያጠራ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው።
- ስልክ ወይም ካሜራ፣ ከተጨማሪ ባትሪ ጋር።
- ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በጠዋት ጤዛ በረጠበ ወረቀት ላይ አይጽፍም።
- ፈዛዛ ቀለም ያለው ረጅም ሱሪና ረጅም ካልሲ። በፈዛዛ ጨርቅ ላይ መዥገር ቶሎ ይታያል።
- ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የመዥገርና የትንኝ መከላከያ።
- ጠዋት ለብሶ ቀን የሚወልቅ ጃኬት።
- ለአንድ ሰው ቢያንስ 1 ሊትር ተኩል ውሃና የሚቆረጠም ነገር፤ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ይበቃል። አሸዋማው መንገድ ላይ ሱቅ የለም።
- ሳሙናና ውሃ የያዘ ጠርሙስ። ለምን እንደሆነ ማስጠንቀቂያው ውስጥ ታገኙታላችሁ።

መረብና ማጠራቀሚያ ብልቃጥ ቤት ይቅር። በኬፕ ሜይ ፖይንት ስቴት ፓርክ መናፈሻ ውስጥ ያለ ፈቃድ ነፍሳት መያዝ አይፈቀድም።

ቅደም ተከተሉ

1. ሳምንቱን ምረጡ።

የሞናርክ ጉዞ በኬፕ ሜይ የሚደምቀው ከመስከረም 5 ገደማ እስከ ጥቅምት 5 ገደማ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ማለት ነው። ለማስታወስ ቀላል ነው፤ የመስቀል ሰሞን ከዚህ መሐል ይወድቃል። ከዚያ በፊት የምታዩዋቸው ቀድመው የደረሱ ጥቂቶች ናቸው። ከኦክቶበር መጨረሻ በኋላም ጭራው እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ይዘልቃል፤ ነገር ግን ሞቅ ያለ ቀን ካልተገኘ ደክሞ የቀረ ብቻ ነው የሚታየው።

ሞናርክ ብቻ ሳይሆን የዝርያ ብዛት የምትፈልጉ ከሆነ የሴፕቴምበርን ሁለተኛ ግማሽ ምረጡ። ከደቡብ ግዛቶች በበጋው እየተስፋፉ ወደ ሰሜን የወጡ ዝርያዎች የሚገኙት በዚያ ጊዜ ነው።

2. ነፋሱን አንብቡ።

ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። ከመሄዳችሁ ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ የብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎትን ድረ ገጽ ክፈቱ፤ «ኬፕ ሜይ ፖይንት» ብላችሁ ፈልጉና በየሰዓቱ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አውጡ። የምትፈልጉት ይህን ተከታታይ ለውጥ ነው፦

ሀ. ሞቃትና እርጥብ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ያለበት ቀን፤
ለ. ቀጥሎ «ኮልድ ፍሮንት» የሚባለው ቀዝቃዛ አየር ሞቃቱን እየገፋ ሲገባ የሚወርድ ዝናብ ወይም ነጎድጓድ፤
ሐ. ከዝናቡ በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ ወይም ከሰሜን መንፈስ ሲጀምር።

የምትሄዱት ከ«ሐ» በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወይም ሁለተኛ ቀን ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ቢራቢሮዎቹ ወደ ደቡብ ምዕራብ ማምራት ስለሚፈልጉ ከሰሜን በኩል የሚመጣ ነፋስ ጉልበታቸውን ይቆጥብላቸዋል፤ ሲነፍስ ተነሥተው ይጓዛሉ። በዚያው ላይ የምዕራብ ግፊት ያለበት ነፋስ በሰፊው ሜዳ ተበትነው ይበሩ የነበሩትን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ ዳር ይገፋቸዋል። ዳሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ደቡብ ይታጠፋሉ፤ መጨረሻው ኬፕ ሜይ ነው። የደቡብ ነፋስ ሲሆን ግን ፊት ለፊት ስለሚመታቸው ካሉበት አይነሡም፤ የምሥራቅ ነፋስም ከዳሩ ወደ መሐል አገር ይበትናቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የነፋስ ስም ላይ ነው። ነፋስ የሚጠራው በመጣበት አቅጣጫ ነው። ሰንጠረዡ ላይ «ኤን ደብልዩ» የሚለው ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣውን ነው፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደውን አይደለም። ይህን ገልብጦ ያነበበ ሰው ከቀኖቹ ሁሉ ባዶውን መርጦ ይሄዳል።

ፍጥነቱንም ተመልከቱ። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ማይል ምርጥ ነው። ከ20 ማይል ሲበልጥ ቢራቢሮዎቹ መጥተው ሊሆን ይችላል፤ ግን ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው ስለሚለጠፉ አይታዩም። ኮልድ ፍሮንቱ በኃይል ከገባ የመጀመሪያውን ቀን እለፉትና ነፋሱ የሚበርድበትን ሁለተኛውን ያዙ።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ሞናርክ ከ55 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ13 ሴልሺየስ በታች በሆነ ብርድ መብረር ይቸግራታል፤ የክንፍ ጡንቻዋ አይሞቅም። ፀሐይ ካለ ክንፏን ዘርግታ ስለምትሞቅ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ትነሣለች። ጥቅጥቅ ባለ ደመና ግን 60 ዲግሪም ሆኖ ተቀምጣ ልትውል ትችላለች። ስለዚህ ሙቀትንና ፀሐይን አንድ ላይ አንብቡ።

3. እስከ ጠዋት 9 ሰዓት ድረሱ።

ከዋሽንግተን አካባቢ መንገዱ ክፍት ሲሆን ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ 5 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ይገባል። ከፊላደልፊያ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መኪናችሁን ኬፕ ሜይ ፖይንት ስቴት ፓርክ፣ የመርከብ መብራት ማማው ሥር አቁሙ። መጸዳጃ ቤት አለ። ቅዳሜና እሁድ ማቆሚያው ቶሎ ይሞላል።

በጠዋት መድረስ የሚያስፈልገው ለማቆሚያው ብቻ አይደለም። ያደሩት ቢራቢሮዎች ፀሐይ ሲነካቸው ክንፋቸውን ዘርግተው ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብለው ይሞቃሉ። ቀኑን ሙሉ ካሉት ሰዓቶች ለመቅረብና ለፎቶ የሚመቸው ይህ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲነሣ ተሸክሟቸው ስለሚወጣ ብዙዎቹ ከዓይን በላይ ሆነው ያልፋሉ።

4. መጀመሪያ አበባውን አግኙ፤ ቢራቢሮው ይከተላል።

በዚህ ወቅት ባሕር ዳር ላይ ዋናው ማዕድ ሲሳይድ ጎልደንሮድ የሚባል ቢጫ አበባ ነው። አሸዋው ላይ፣ ጨው የሚረጭበት ቦታ ድረስ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ወፈር ያለና ለስላሳ፣ አበባው በዘንግ ላይ የተደረደረ ደማቅ ቢጫ ነው። ሌሎች አበቦች ሲያልቁ እሱ ስለሚቆይ ለሩቅ መንገደኛ ዋና ምግብ ይሆናል። ሞናርክ እዚህ የምትቀስመው ወለላ በሰውነቷ ውስጥ ወደ ስብ ይለወጣል፤ የመንገዱም የክረምቱም ስንቅ ያ ስብ ነው።

ሁለተኛው ግራውንድሰል የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። ከረግረጉ ዳር ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል፤ ከሩቅ ሲታይ ነጭ አቧራ የተነሰነሰበት ይመስላል። ትናንሽ ቢራቢሮዎች የሚሰበሰቡት እዚህ ነው። ሰው ግን ነጩን «አበባው አልቆ የደረቀ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቀርባችሁ ሦስት ደቂቃ ቁሙ፤ ቁጥቋጦው ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ።

በመናፈሻው ውስጥ ከእንጨት የተሠራው ቀይ ምልክት ያለው መንገድ ግማሽ ማይል ሲሆን ለጋሪና ለተሽከርካሪ ወንበር ይመቻል። ቢጫና ሰማያዊ ምልክት ያላቸው መንገዶች ረዘም ብለው ወደ አሸዋው ክምር ያወጣሉ። ቀጥሎ ደግሞ በሰንሴት ቡሌቫርድ በኩል የሚገባበት፣ ዘ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የሚባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የሚያስተዳድረው «ሜዶውስ» የሚባለው መስክ አለ፤ ዙሪያው አንድ ማይል ገደማ ነው። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማዳረስ ይቻላል።

5. ከነፋስ የተከለለውን ጎን ፈልጉ።

ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ከሆነ ከዛፉ፣ ከአሸዋ ክምሩና ከአጥሩ ደቡብ ምሥራቅ ያለውን ጎን ተመልከቱ። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ነፋስ የማይነካው፣ አበባ ያለበት ቦታ ሲገጣጠም በአምስት ሜትር ውስጥ ሌላው ቦታ ላይ በግማሽ ማይል የማታገኙትን ታያላችሁ። የቆማችሁበት ቦታ ፊታችሁን የሚገርፍ ነፋስ ካለበት ለቢራቢሮም አይመችም፤ ዙሩ።

6. እኩለ ቀን ላይ ወደ መንደሩ ጓሮዎች ግቡ።

ኬፕ ሜይ ፖይንት መንደር ውስጥ ፓቪሊዮን ሰርክል የሚባለው አደባባይና ትሪያንግል ፓርክ ለቢራቢሮ ተብሎ የተተከለ አበባ አላቸው። ዚኒያ፣ የሜክሲኮ ሱፍ፣ ቢራቢሮ ቡሽ፣ እንዲሁም እኛ የወፍ ቆሎ የምንለው ላንታና ይገኛል። ከደቡብ የመጡት ብርቅዬዎች ከዱሩ ይልቅ እዚህ ይገኛሉ፤ ቱቦው ረጅም የሆነውን አበባ ስለሚወዱ። የግል ቤት ግቢ ውስጥ ያለውን ግን ከእግረኛ መንገድ ሆናችሁ ብቻ ተመልከቱ። በባይኖኩላር ወደ ሰው መስኮት ማነጣጠር ነውር ነው፤ ነዋሪዎቹም ይከፋቸዋል።

7. አቀራረባችሁን አስተካክሉ።

ከሦስት ሜትር ጀምሮ ፍጥነታችሁን በግማሽ ቀንሱ። ጥላችሁ አበባው ላይ አይውደቅ፤ ድንገት የሚመጣ ጥላ ለቢራቢሮ ወፍ ማለት ነው። አጠገቧ ደርሳችሁ እጃችሁን ከማንሣት ይልቅ ስልኩን ወይም ባይኖኩላሩን ከሩቅ ዓይናችሁ ላይ አድርጋችሁ ቅረቡ። ራሷን አበባው ውስጥ ቀብራ በምትቀስምበት ጊዜ ቅረቡ፤ ቀና ስትል ቁሙ።

ለፎቶ ክንፏን ከስልኩ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከጠርዝ ካነሣችሁት ግማሹ ይደበዝዛል። የስልኩን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ማጉያ ተጠቅማችሁ ከአንድ ሜትር ማንሣት አፍንጫዋ ሥር ከመግባት ይሻላል። በካሜራ ከሆነ ለተቀመጠች ቢያንስ የሰከንድ 1/250፣ ለምትበር 1/1000 ወይም ከዚያ የፈጠነ የመዝጊያ ፍጥነት ያስፈልጋል። የክንፍን የላይኛውንም የታችኛውንም ገጽ አንሡ፤ ብዙዎቹ የሚለዩት በታችኛው ነው።

8. ማን እንደሆነች ለዩ።

ሞናርክ፦ ዘጠኝ አሥር ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ክንፍ፣ ብርቱካንማ ሆኖ ጥቁር ጅማት፣ ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ነጠብጣብ። ስትንሳፈፍ ክንፏን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ትይዛለች። ወንዱ በሁለቱም የኋላ ክንፎቹ አንድ ጅማት ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፤ ሴቷ የላትም፣ ጅማቷም ይወፍራል። አገር ቤት ይህን የሚመስል ብርቱካንማ ቢራቢሮ አይታችሁ ከሆነ ዓይናችሁ አልተሳሳተም፤ የአፍሪካው ዘመዷ ነው።

ቫይስሮይ፦ ሞናርክን ትመስላለች፤ ግን ታንሳለች፣ በኋላ ክንፏ ላይ ጅማቶቹን አቋርጦ የሚያልፍ ጥቁር መስመር አላት። ያ መስመር ከሌለ ቫይስሮይ አይደለችም።

ባክአይ፦ ቡናማ ሆና እንደ ዓይን ያሉ ትላልቅ ክቦች አሏት። የምታርፈው አበባ ላይ ብቻ አይደለም፤ ራቁቱን ባለው አሸዋማ መንገድ ላይ ትቀመጣለች፤ ስትቀርቡ ተነሥታ አምስት ሜትር ፊት ለፊታችሁ ታርፋለች። አትከተሏት፤ ቆማችሁ ጠብቁ፣ ዞራ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። በጥሩ ዓመት በዚህ ዳርቻ ከሞናርክ በልጣ ትታያለች።

ፔይንትድ ሌዲ እና አሜሪካን ሌዲ፦ እህትማማች የሚመስሉ ብርቱካንማና ጥቁር ናቸው። ክንፋቸውን ሲገጥሙ የኋላ ክንፍ ታችኛውን ገጽ ተመልከቱ፤ ሁለት ትላልቅ ክቦች ካሉ አሜሪካን ሌዲ፣ የተደረደሩ አራት ያህል ትናንሽ ክቦች ካሉ ፔይንትድ ሌዲ ናት። ሁለተኛዋ ኢትዮጵያም ውስጥ የምትገኝ፣ ዓለምን የምትዞር ናት።

ሬድ አድሚራል፦ ጥቁር መሠረት ላይ ደማቅ ብርቱካንማ ቀይ ቀበቶ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳና ግንድ ላይ ታርፋለች፤ አንዳንዴም ሰው ትከሻ ላይ።

ክላውድለስ ሰልፈር፦ ትልቅ፣ ጥርት ያለ ሎሚ ቀለም። በቀጥታና በፍጥነት ትበራለች። ጥቁር ጠርዝ ያላትና አነስ ያለችው ቢጫ ሌላ ናት፤ ከሁለቱ ቅርብ ዘመዳሞች አንዷ፣ ክላውድድ ወይም ኦሬንጅ ሰልፈር።

ስኪፐሮች፦ ጥፍር የሚያክሉ፣ ራሳቸው ወፍራም፣ አበራረራቸው ዝላይ የሚመስል። ብዙዎቹ ሲያርፉ የፊት ክንፋቸውን አቁመው የኋላውን ስለሚዘረጉ እንደ ጄት ይሆናሉ። መጀመሪያ በጎበኛችሁ ጊዜ ሁሉንም ለመለየት አትድከሙ። ጀርባዋ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅና ሁለት ረጅም ጭራ ያላት ግን ሎንግ ቴልድ ስኪፐር ናት፤ ከደቡብ የመጣች ብርቅ ስለሆነች ፎቶ ሳታነሡ አትለፏት።

በአየር ላይ ስትቆጥሩ አረንጓዴ ዳርነር የሚባሉትን ትላልቅ የውሃ ተርቦች አብራችሁ እንዳትቆጥሩ ተጠንቀቁ። እነሱም በዚሁ ነፋስ ይሰደዳሉ። ቀጥ ብለው ይበራሉ፣ ክንፋቸው ያንጸባርቃል።

9. በአንድ መስፈርት ቁጠሩ።

«ብዙ ነበር» የሚል ማስታወሻ ለሚቀጥለው ዓመት አይጠቅምም። በማማውና በአንድ ምሰሶ መካከል ምናባዊ መስመር አስምሩ፤ 10 ደቂቃ ውስጥ ያንን መስመር ወደ ደቡብ ወይም ምዕራብ የሚያቋርጡትን ብቻ ቁጠሩ፣ በ6 አባዙ፤ የአንድ ሰዓት ግምት ይሆናል። ወደ ኋላ የሚመለሱትን ቀንሱ፤ አለዚያ አንዷን ሦስት ጊዜ ትቆጥራላችሁ። አጠገቡ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ሙቀቱንና ደመናውን ጻፉ።

በኬፕ ሜይ ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ የሚካሄደው የሞናርክ ክትትል ፕሮጀክት ባለሙያዎችም የሚሠሩት በዚህ መርህ ነው፤ ያንኑ 5 ማይል መንገድ፣ በሰዓት 20 ማይል እየነዱ፣ በተመሳሳይ ሰዓቶች ይቆጥራሉ። መንገዱና ሰዓቱ ካልተቀየረ የተቀየረው ቢራቢሮው ነው ማለት ይቻላል። እናንተም ኢናቹራሊስት ላይ፣ ማለትም ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት በሚመዘግቡበት መተግበሪያ ላይ፣ ፎቷችሁን ስትጭኑ ቦታና ሰዓት እንዳይጎድል።

10. ለማታ ቆዩ።

ብዙ ቤተሰብ 4 ሰዓት ላይ ዕቃውን ጭኖ ይወጣል፤ የቀኑ ዋና ትርኢት ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ሞናርኮች ማደሪያ መፈለግ ይጀምራሉ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው 6:50 ገደማ፣ በኦክቶበር 10 አካባቢ 6:25 ገደማ ስለሆነ ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ተዘጋጁ።

የሚያድሩት ሬድ ሴዳር የሚባለው ዛፍ ላይና ፓይን ላይ ነው። ሬድ ሴዳር ስሙ ሴዳር ይሁን እንጂ የኛው የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉንና ሽታውን ስታገኙ ወዲያው ታውቁታላችሁ። ከነፋስ በተከለለው ጎን፣ ከመጨረሻው ፀሐይ ጋር ፊት ለፊት ያለውን ቅርንጫፍ ፈልጉ። ክንፋቸውን ከገጠሙ በኋላ የታችኛው ገጽ ፈዛዛ ስለሆነ የደረቀ ቅጠል የተንጠለጠለ ይመስላል። «ጥድ የደረቀ ቅጠል የለውም» ብላችሁ አስቡ፤ ያኔ ታዩዋቸዋላችሁ። አዲስ መጤ ሲያርፍ ያሉት ሁሉ ክንፋቸውን ብልጭ ያደርጋሉ፤ ይህ ብልጭታ ከሩቅ ይጠቁማችኋል።

ለመቁጠር አንድ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ የተሸፈነው የዛፉ ክፍል ስንት ክንድ እንደሆነ ገምታችሁ አባዙ። የእጅ ባትሪ አታብሩባቸው፤ ዛፉን አትንኩ። ብርድ ላይ የወደቀች ሞናርክ መብረር ስለማትችል መሬት ላይ ለጉንዳንና ለአይጥ ትጋለጣለች።

ማደሪያውን ካገኛችሁና እዚያው ካደራችሁ፣ በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ እዚያው ቁሙ። ፀሐይ የነካው ቅርንጫፍ በመጀመሪያ ይከፈታል፣ ጥላ ያለበት ይዘገያል።

11. ቁጥር የተለጠፈባት ብታዩ።

አንዳንዶቹ በኋላ ክንፋቸው ታችኛው ገጽ ላይ ጉዟቸውን ለመከታተል ጥፍር የምታክል ክብ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ላይዋ ላይ ፊደልና ቁጥር አለ። አትያዟት። ከጎን አጉልታችሁ ፎቶ አንሡ፣ ኮዱን ሙሉውን ጻፉ፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምራችሁ ወረቀቱን ለሚያሰራጨው ለሞናርክ ዎች አሳውቁ። ከኮዱ አንዲት ፊደል ከጎደለች መረጃው ከንቱ ነው። አለጣጠፉን ለማየት የሚፈልጉ ልጆች ካሉ በመናፈሻው ውስጥ በወቅቱ ማሳያ ይደረጋል፤ የሚደረግበትን ቀንና ሰዓት ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ

የአሸዋ ክምሩ ላይ አትውጡ። በገመድ ወይም በአጥር የተከለለው ለጌጥ አይደለም፤ አሸዋውን የያዘው የሣሩ ሥር ነው፣ ሥሩ ሲረገጥ ይሞታል፣ ማዕበል ሲመጣም ክምሩ ይናዳል። ጎልደንሮዱም አብሮ ይሄዳል። በመተላለፊያው ሆናችሁ በባይኖኩላር ተመልከቱ።

ፖይዝን አይቪ በዚህ አካባቢ በየቦታው አለ። ከአንድ ዘንግ ሦስት ቅጠል ያወጣል፤ በመኸር ወደሚያምር ቀይ ስለሚለወጥ ልጆች ለቅጠል ስብሰባ ይቀጥፉታል። ዘይቱ ቆዳን በእሳት እንደነካው ያሳብጣል፤ ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ብቻ ሲቀርም ያው ነው። ከነካችሁ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፤ ጠርሙሱ የተያዘው ለዚህ ነው። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዘይቱን ያስፋፋዋል።

መዥገር በኖቬምበርም አይተኛም። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ከመንገዱ አትውጡ፣ መኪና ከመግባታችሁ በፊት የልጆቹን ጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ከጉልበት በስተጀርባ ፈትሹ። የተጣበቀ ካለ በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት፤ ክብሪትና ቅቤ አይረዱም።

መከላከያውን የምትረጩት ግን መኪናው አጠገብ እንጂ አበባ አጠገብ አይደለም። ፐርሜትሪን የሚባለው ልብስ ላይ የሚረጨው ነፍሳትን በሙሉ ይገድላል፤ ከአንድ ቀን በፊት ከቤት ውጭ ደጅ ላይ ረጭታችሁ አድርቁት፣ በዚያ ልብስ አበባ አትታከኩ። እጃችሁ ላይ መከላከያ ካለ ቢራቢሮ እጄ ላይ ትረፍ ብላችሁ አትዘርጉ።

በዱር አራዊት ጥበቃ ቦታዎች ለምሳሌ ሂግቢ ቢች ከሄዳችሁ መግቢያው ላይ ያለውን የአደን ማስታወቂያ አንብቡ፤ ወቅቱ ከሆነ ደማቅ ብርቱካንማ ልብስ ልበሱ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ቀኑን ከሦስት ሳምንት በፊት በቀጠሮ መቁረጥ። ብዙ ቤተሰብ አብሮ ሲሄድ ይህ ያጋጥማል። መፍትሔው ሁለት ተከታታይ ቅዳሜዎችን ክፍት ማድረግና ሐሙስ ማታ ነፋሱን አይቶ መወሰን ነው።

ሰማይ ሰማዩን ብቻ ማየት ወይም ምድር ምድሩን ብቻ ማየት። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቁጥቋጦውን፣ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩን ተመልከቱ። ሰማዩ ባዶ ከመሰላችሁ ባይኖኩላሩን ነጭ ደመና ላይ አነጣጥራችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት፤ በባዶ ዓይን የማይታዩ ከፍ ብለው የሚያልፉ ይገኛሉ።

ያለማቋረጥ መራመድ። አንድ ያበበ ጎልደንሮድ አጠገብ 15 ደቂቃ መቆም ሁለት ማይል ከመሄድ የበለጠ ዝርያ ያሳያል።

ልጆች እንዲያሯሩጡ መፍቀድ። አንዲት ሞናርክ ግማሽ ግራም ገደማ ነው የምትመዝነው፤ በተነሣች ቁጥር የምታጠፋው ለመንገድ ያጠራቀመችውን ስብ ነው። ልጆቹን ቆጣሪ አድርጓቸው፤ አንዱ ባክአይ፣ አንዱ ቢጫዎቹን፣ አንዱ ሞናርክ ይቁጠር። ሥራ የተሰጠው ልጅ አይሮጥም።

ቤት ውስጥ ያሳደጉትን ወይም ሌላ አገር ያለውን ይዞ መጥቶ እዚህ መልቀቅ። በሽታ ያስተላልፋል፤ ቆጠራውንም ያበላሻል።

ነፋሱ ከድቷችሁ ደቡባዊ ከሆነና መመለስም ካልፈለጋችሁ በቀጥታ ወደ መንደሩ ጓሮዎች ሂዱ፤ አዲስ መጤ ባይኖርም ቀድመው የደረሱት መሻገር ስላልቻሉ እዚያ ሲበሉ ይውላሉ። ነፋሱ የሰሜን ሆኖ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ወደ ሉዊስ፣ ደላዌር የሚሄደውን መርከብ ያዙ። 17 ማይሉን በ85 ደቂቃ ያቋርጣል። የመርከቡ ወለል ላይ ቁሙና ከውሃው ጥቂት ሜትር ከፍ ብለው የሚሻገሩትን ብርቱካንማዎች ፈልጉ። ከመርከቡ ስትወርዱ ኬፕ ሄንሎፐን ስቴት ፓርክ ቅርብ ነው፤ ተሻግረው የደረሱት መጀመሪያ የሚያገኙት አበባ እዚያ ያለው ጎልደንሮድ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚመለስ ሰውም በዚያው በኩል ቤይ ብሪጅን አቋርጦ ቤቱ ይገባል።